ከምድር ውጪ ሕይወት፦ የታወቀው፣ ያልታወቀውና በየጊዜው የሚጠየቀው

"ሕይወት ተገኘ" የሚል ዜና በመጣ ቁጥር የሚነሱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እስካሁን ከምድር ውጪ ሕይወት ተገኝቷል?

አልተገኘም። ኤልየን ቀርቶ አንዲት ባክቴሪያ እንኳን አልተገኘችም። የተገኙት "ሕይወት ሊሆን ይችላል" የሚያሰኙ ምልክቶች ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ ሲመረመሩ ሌላ ነገር ሆነው ተገኝተዋል። ጥቂቶቹ ደግሞ ዛሬም ያከራክራሉ።

"ከምድር ውጪ ሕይወት የለም" የሚል ማስረጃም የለም። ስለዚህ "አለ" ብሎ የሚምልም "የለም" ብሎ የሚምልም ሰው ከማስረጃው ቀድሞ እየሮጠ ነው።

ታዲያ "ተገኘ" የሚለው ዜና ከየት ይመጣል?

የምርምር ጽሑፉን ከፍታችሁ ብታነቡት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይልም። የሚለው "ይህ ሞለኪውል በዚህ ፕላኔት አየር ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ካለ ደግሞ ከሚያመነጩት ነገሮች አንዱ ሕይወት ነው" ነው። ዩኒቨርሲቲው መግለጫ ሲያወጣ ጥንቃቄው ትንሽ ይሳሳል። ጋዜጣው ጋ ሲደርስ ለአርዕስት አይመችምና ይወጣል። ቲክቶክ ላይ ሲደርስ "ናሳ አረጋገጠ" ሆኖ ቁጭ ይላል።

ጥፋቱ የጋዜጠኛው ብቻ አይደለም። ተመራማሪውም የምርምር ገንዘብና ዝና ይፈልጋል፤ ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ዜና ሲመጣ ሁለት ነገር መጠየቅ ይበቃል። አንደኛ፣ ታየ የተባለው ምልክት በእርግጥ አለ ወይስ የመሣሪያ ስህተት ነው? ሁለተኛ፣ ካለስ ከሕይወት በቀር ሌላ ነገር ሊያመጣው አይችልም? እስከ ዛሬ ሁለቱንም ጥያቄ ያለፈ አንድም ግኝት የለም። ከታች የምናያቸው ታሪኮች በሙሉ ከሁለቱ በአንዱ ላይ የተሰናከሉ ናቸው።

ሳይንቲስቶቹ የሚፈልጉት ምንድን ነው? አረንጓዴ ሰው?

አብዛኞቹ የሚፈልጉት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተህዋስያንን ነው። ምድር ላይ ሕይወት ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ከዚህ ውስጥ በአብዛኛው ጊዜ የነበሩት እነዚህ ጥቃቅኖች ብቻ ናቸው። ዛፍም፣ እንስሳም፣ ሰውም ዘግይተው የመጡ ናቸው። ሌላ ቦታ ሕይወት ካለ መጀመሪያ የምናገኘው ጥቃቅኑን ሳይሆን አይቀርም።

በእኛው ሰፈር ማርስ አለች። ከበረዶ ቅርፊት ሥር ውቅያኖስ ያላቸው ጨረቃዎችም አሉ፤ የጁፒተሯ ዩሮፓና የሳተርኗ ኢንሴላደስ። ኢንሴላደስ ከደቡብ ዋልታዋ ውኃ ወደ ጠፈር ትረጫለች። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በዚያ ፍንጣቂ ውስጥ አልፋ ጨው፣ ካርቦን ያላቸው ውህዶችና ሃይድሮጅን አግኝታለች። ይህ ለሕይወት የሚሆን ግብዓት አለ ማለት ነው እንጂ ሕይወት አለ ማለት አይደለም። ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጪ ደግሞ የሩቅ ፕላኔቶች አየር ይመረመራል። አስተዋይ ፍጡር የላከው የሬዲዮ ምልክት ካለ ብለው የሚያዳምጡም አሉ።

ማንም ያልደረሰበትን ፕላኔት አየር እንዴት ያውቁታል?

በኮከቡ ብርሃን ነው። ፕላኔቱ በእኛና በኮከቡ መካከል ሲያልፍ ጥቂት ብርሃን በፕላኔቱ አየር ውስጥ ሾልኮ ይመጣል። እያንዳንዱ ሞለኪውል የራሱን የብርሃን ክፍል ይውጣል። ሚቴን አንዱን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌላውን። ቴሌስኮፑ የጎደለውን ብርሃን አይቶ አየሩ ውስጥ ያለውን ይገምታል። በ2021 መጨረሻ የመጠቀው ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በዚህ ሥራ የሚወዳደረው የለም።

ችግሩ ጉድለቱ እጅግ ትንሽ መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ከኮከቡ ብርሃን አሥር ሺኛው ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ኮከቡ ራሱ ፊቱ ላይ ጥቁር ነጥቦች ካሉት ያሳስታል። የመሣሪያው የራሱ ጠባይም አለ። ስለዚህ ጥሬው መረጃ ወደ "ይህ ሞለኪውል አለ" እስኪለወጥ ድረስ ብዙ ውሳኔ ይወሰንበታል። ሁለት ቡድኖች አንዱን መረጃ ይዘው የተለያየ መልስ ቢያመጡ አይግረማችሁ።

ኢትዮጵያ ስም ያወጣችለት ፕላኔት አለ ይባላል። እዚያስ ሕይወት ይኖራል?

አለ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም አውጡ አለ። ከኢትዮጵያ የቀረበው ስም ለኮከቡ "ቡና"፣ ለፕላኔቱ "አቦል" ሆነ። ሌሎች ፕላኔቶች ከተገኙ ቶናና በረካ ተዘጋጅተው እየጠበቁ ነው።

ሕይወትን በተመለከተ ግን አቦል ብዙ ተስፋ የሚሰጥ አይደለም። ክብደቱ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሆነ የጋዝ ፕላኔት ነው። እንደ ምድር የሚቆምበት ጠንካራ ገጽ አይጠበቅም። ምህዋሩም የተለጠጠ ነው፤ አንዴ ወደ ኮከቡ ይጠጋል፣ አንዴ ይርቃል። "ጨረቃ ቢኖረውስ?" የሚሉ አሉ። መጠየቁ ክፋት የለውም። ነገር ግን እስካሁን ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጪ ሁሉም የተስማማበት አንድም ጨረቃ አልተረጋገጠም።

"ለኑሮ ምቹ በሆነ ርቀት ላይ ያለ ፕላኔት" ሲባል ሕይወት አለው ማለት ነው?

አይደለም። ርቀቱ ብቻ ነው የተለካው። ተስማሚ አየር ካለ ውኃ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ የሚችልበት ርቀት ማለት ነው። አየር መኖሩን አይናገርም፣ ውኃ መኖሩንም አይናገርም። ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ቬነስና ምድር በመጠን መንታ ይመስላሉ። የቬነስ ገጽ ሙቀት ግን ከ460 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው።

ቫይኪንግ በ1976 ማርስ ላይ ሕይወት አግኝቶ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ግማሽ እውነት አለው። ሁለቱ የቫይኪንግ መንኮራኩሮች በ1976 ማርስ ላይ ሲያርፉ ሕይወት የሚፈልጉ ሦስት ሙከራዎች ይዘው ነበር። በአንደኛው የማርስ አፈር ላይ ምግብ የተቀላቀለበት ውኃ ጠብ ተደረገ። በምግቡ ውስጥ ያለው ካርቦን ራዲዮአክቲቭ ነበር። አፈሩ ውስጥ የሚበላ ነገር ካለ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ መውጣት አለበት። ወጣ! አፈሩ አስቀድሞ በ160 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ ጋዙ ቀረ። ልክ ተህዋስያኑ የሞቱ ይመስል።

ነገር ግን ምግቡ ድጋሚ ሲጨመር እንደሚባዛ ተህዋሲ አዲስ ጋዝ አልጨመረም። ሌላው መሣሪያ ደግሞ አፈሩ ውስጥ የማርስ የሆነ ኦርጋኒክ ቁስ አላገኘም። አካል ሳይኖር ሕይወት ከየት ይመጣል? ብዙኃኑ ሳይንቲስቶች "የአፈሩ ኬሚስትሪ ነው" ብለው ዘጉት። የሙከራው መሪ ጊልበርት ሌቪን ግን በ2021 እስኪያርፍ ድረስ "ሕይወት አግኝተናል" እንዳለ ኖረ።

ከዚያ በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር በማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የተባለ ጨው አገኘች። ይህ ጨው ሲሞቅ ኦርጋኒክ ቁስን ያቃጥላል። የቫይኪንግ መሣሪያ ደግሞ የሚሠራው አፈሩን በማሞቅ ነበር። ስለዚህ የሚፈልገውን ነገር ራሱ አቃጥሎት ሊሆን ይችላል። ኋላ ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ሮቨር (ተሽከርካሪ ሮቦት) ማርስ ላይ ኦርጋኒክ ቁስ እንዳለ አሳይታለች። ይህ ሌቪንን ትክክል አያደርገውም፤ ፐርክሎሬትና መሰሎቹ ጋዙንም ሊያስወጡ ይችላሉ። ግን "አልተገኘም" የሚለው መልስም የመሰለውን ያህል ጠንካራ እንዳልነበር አሳይቷል። በእኔ ግምት ትልቁ ስህተት የነበረው የአፈሩን ኬሚስትሪ ሳያውቁ በቀጥታ ሕይወትን መፈለግ ነው። ናሳም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መጀመሪያ ውኃውንና ኬሚስትሪውን ወደማጥናት ዞሯል።

ክሊንተን ስለ ማርስ ድንጋይ መግለጫ ሰጥቶ ነበር አይደል? ያ ምን ደረሰ?

ሰጥቷል፤ ነሐሴ 1996 ላይ ነው። ድንጋዩ በ1984 አንታርክቲካ የተገኘ፣ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ የማርስ ስባሪ ነው። የናሳው ዴቪድ ማኬይና ባልደረቦቹ በውስጡ ትል የሚመስሉ ደቃቅ ቅርጾች፣ ኦርጋኒክ ቁስና አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚሠሩትን የሚመስል ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን አየን አሉ። እያንዳንዱ ብቻውን በሌላ መንገድ ሊብራራ እንደሚችል አልካዱም። አንድ ላይ ሲታዩ ግን ሕይወት ቀላሉ ማብራሪያ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው።

ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት እያንዳንዱ ምልክት ሕይወት በሌለበት ሊፈጠር እንደሚችል ታየ። ቅርጾቹ ለሕያው ሴል በጣም ያነሱ ናቸው ተባለ። በ2022 የወጣ ጥናት ኦርጋኒኩ ቁስ ከውኃና ከድንጋይ መገናኘት የመጣ ነው አለ። ዛሬ ሕይወት ነው የሚል ጥቂት ነው። ሆኖም ድንጋዩ በከንቱ አልቀረም። ከምድር ውጪ ሕይወትን የሚፈልገው ምርምር ገንዘብና ሰው ያገኘው ከዚያ ጫጫታ በኋላ ነው።

በቬነስ ደመና ውስጥ ተገኘ የተባለው ጋዝስ?

መስከረም 2020 ላይ በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ የጄን ግሪቭስ ቡድን በቬነስ ደመና ውስጥ ፎስፊን አየሁ አለ። ምድር ላይ ፎስፊን ከፋብሪካና አየር በሌለበት ከሚኖሩ ተህዋስያን ጋር የተያያዘ ጋዝ ነው። የተነገረው መጠን ከቢሊዮን 20 እጅ ነበር።

ወዲያው መረጃው ላይ ጥያቄ ተነሳ። ከተጠቀሙባቸው ቴሌስኮፖች የአንዱ፣ የቺሊው አልማ፣ መረጃ የአቀነባበር ችግር ነበረበት። ተስተካክሎ ሲሠራ ቡድኑ ራሱ መጠኑን ወደ ከቢሊዮን ጥቂት እጅ አወረደው። ሌሎች ደግሞ በመረጃው ውስጥ ያለውን ጫጫታ ለማጽዳት የተጠቀሙበት ሒሳብ የሌለ መስመር፣ ማለትም የሌለ የጋዝ ምልክት፣ ሊፈጥር እንደሚችል አሳዩ። ሌሎችም የታየው መስመር የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሊሆን ይችላል አሉ። ግሪቭስ አሁንም አለ ባይ ናት። ይህ እንግዲህ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ የተሰናከለ ነው፤ ሕይወት ወይስ ኬሚስትሪ ወደሚለው ገና አልተደረሰም።

በ2025 "99.7 በመቶ እርግጠኛ ነን" የተባለው ፕላኔት ጉዳይ ምንድን ነው?

ኬ2-18ቢ የምትባል፣ 124 የብርሃን ዓመት የምትርቅ ፕላኔት ናት። ክብደቷ የምድር 8.6 እጥፍ ገደማ ነው። በካምብሪጁ ኒኩ ማዱሱዳን የሚመራ ቡድን በ2023 በጄምስ ዌብ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየባት። ሚቴኑን ብዙም የሚከራከርበት የለም። ሚያዝያ 2025 ላይ ደግሞ ዲሜቲል ሰልፋይድ ወይም ቅርብ ዘመዱ አለ አሉ። ምድር ላይ ይህን ጋዝ በዋናነት የሚያመነጩት የባሕር ደቃቅ ዕፅዋት ናቸው። እርግጠኝነቱም "ሦስት ሲግማ" ተባለ። ሦስት ሲግማ ወደ መቶኛ ሲመነዘር 99.7 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማኅበራዊ ሚዲያው ጨረሰው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 99.7 በመቶ ማለት "ሕይወት የመኖሩ ዕድል 99.7 በመቶ ነው" ማለት አይደለም። "ዲሜቲል ሰልፋይድ የመኖሩ ዕድል" እንኳን አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው እንዲህ ነው፦ ያ ጋዝ ባይኖርና እኛ የገመትነው የአየር ሞዴል ትክክል ቢሆን፣ በአጋጣሚ ጫጫታ ብቻ ይህን የመሰለ ምልክት የማየት ዕድላችን 0.3 በመቶ ነው። "ሞዴሉ ትክክል ቢሆን" የምትለዋ ላይ ብዙ ነገር ተንጠልጥሏል። ሃያ ሞለኪውል ብትሞክሩ አንዱ በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል። ሌሎች ቡድኖች ያንኑ መረጃ በቀናት ውስጥ ፈትሸው አንዱ "ምንም ጋዝ የማያሳይ ቀጥ ያለ መስመርም ይገጥመዋል"፣ ሌላው "ሌሎች ሞለኪውሎችም እኩል ይገጥሙታል" አሉ። በፊዚክስ ግኝት ለማለት የተለመደው መስፈርት አምስት ሲግማ ነው። እሱ የአጋጣሚውን ዕድል ከሚሊዮን አንድ በታች ያወርደዋል።

ጋዙ በእርግጥ አለ እንበል። ሁለተኛው ጥያቄ ይቀራል። ዲሜቲል ሰልፋይድ 67ፒ በተባለው ጅራታም ኮከብ ላይ ተገኝቷል፤ እዚያ አልጌ የለም። ቤተ ሙከራ ውስጥም ያለ ምንም ሕይወት ተሠርቷል። ከዚህም በላይ ፕላኔቷ ራሷ ምን እንደሆነች ስምምነት የለም። ማዱሱዳን ከሃይድሮጅን አየር ሥር ውቅያኖስ ያላት ናት ይላል። ሌሎች ትንሽዬ ኔፕቲዩን፣ ወይም ውስጧ የቀለጠ ዐለት የሆነባት ናት ይላሉ። ቡድኑም ቢሆን በጽሑፉ ውስጥ ተጨማሪ ምልከታ ያስፈልጋል ብሏል። ይህን ግን ማንም ሼር አላደረገውም።

ፐርሰቪራንስ ማርስ ላይ ያገኘችው "የነብር ነጥብ"ስ?

ለእኔ እስካሁን ካሉት ምልክቶች በጣም የሚያጓጓው ይህ ነው። ሐምሌ 2024 ላይ ሮቨሯ ጀዜሮ በተባለው ጉድጓድ፣ ድሮ ወንዝ በነበረበት ሸለቆ ውስጥ ቼያቫ ፎልስ የተባለ የጭቃ ድንጋይ አገኘች። ጥቁር ጠርዝ ያላቸው ነጣ ያሉ ነጥቦች አሉበት። ነጥቦቹ ውስጥ ቪቪያናይትና ግሪጋይት የሚባሉ የብረት ማዕድናት ታይተዋል። አጠገባቸው ኦርጋኒክ ቁስ አለ። ምድር ላይ እንዲህ ዓይነት ስብስብ ብዙ ጊዜ የሚታየው ተህዋስያን ብረትንና ሰልፈርን ለጉልበት ሲጠቀሙ ነው። ውጤቱ መስከረም 2025 ላይ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጣ።

ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙት አነጋገር "ሊሆን የሚችል የሕይወት አሻራ" ነው። ማዕድናቱ ያለ ሕይወትም በከፍተኛ ሙቀት ሊፈጠሩ ይችላሉ፤ ድንጋዩ ግን እንዲያ የሞቀ አይመስልም። በዝቅተኛ ሙቀት ያለ ሕይወት የሚሠራቸው ሌላ ኬሚስትሪ ይኖር ይሆን? ይህን ሮቨሯ መመለስ አትችልም። ናሙናው ተቆርሶ ቱቦ ውስጥ ገብቷል፤ የሚጠብቀው ወደ ምድር የሚያመጣው ነው። የማምጫው ዕቅድ ደግሞ ወጪው እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ተብሎ በበጀት ጣጣ ውስጥ ወድቋል። ሳይንሱ ሳይሆን ገንዘቡ ነው የያዘው።

ዳሎል በዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ብዙ ያገባዋል። አፋር ውስጥ ያለው ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። እጅግ አሲዳማ፣ ጨው የጠገበና የሞቀ ውኃ አንድ ላይ የሚገኝበት ሌላ ቦታ ምድር ላይ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ሕይወት እስከ የት ሊኖር ይችላል የሚለው የሚፈተንበት ሜዳ ሆኗል።

በ2019 ሁለት ቡድኖች እዚያው ዳሎል ሄደው ተቃራኒ መልስ ይዘው መጡ። በስፔን ተመራማሪዎች የሚመራው ቡድን በማዕድን የተሸፈኑ እጅግ ደቃቅ ተህዋስያን አገኘሁ አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ በምትሠራው ተመራማሪ ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የሚመራው ሌላ ቡድን ብዙ ናሙና ወስዶ በተለያየ መንገድ መረመረ። አሲዱም ጨውም በሚበረታባቸው ኩሬዎች ሕይወት የለም አለ። በዙሪያው ባሉት ቀለል ያሉ ኩሬዎች ግን አርኬያ የሚባሉት ተህዋስያን ሞልተዋል።

ሁለተኛው ቡድን ያስተዋላቸው ሁለት ነገሮች ለማርስ ፍለጋ ትልቅ ትምህርት ናቸው። አንደኛው ብክለት ነው። ከተገኙት የባክቴሪያ ዘረ መሎች የተወሰኑት ከሰው ጋር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ቱሪስቱና ተመራማሪው ራሱ ይዞት የመጣ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴል የሚመስል የሲሊካ እንክብል መገኘቱ ነው። ሕይወት የለውም፤ ድንጋይ ነው። እንግዲህ ሰው በመኪና ሄዶ፣ በእጁ ቀድቶ፣ ምርጥ ቤተ ሙከራ ይዞ በአንድ ኩሬ ላይ እንዲህ ካልተስማማ፣ ከመቶ ሚሊዮኖች ኪሎ ሜትር ርቀት በሮቦት የታየ ነጥብ ላይ ቢከራከር ምን ይገርማል?

ከጠፈር የመጣ የሬዲዮ መልእክት ተሰምቶ አያውቅም?

የሚታወቀው የነሐሴ 15 ቀን 1977ቱ ነው። ኦሃዮ ውስጥ የነበረው ቢግ ኢር ቴሌስኮፕ ለ72 ሰከንድ ጠንካራ ምልክት ተቀበለ። ጄሪ ኤህማን የታተመውን ወረቀት ሲያይ ከጎኑ "ዋው!" ብሎ ጻፈበት፤ ስሙም እንደዚያ ቀረ። በተደጋጋሚ ተፈልጎ ዳግም አልተሰማም። ያልተደገመ ምልክት ምን እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ቆሟል።

ሌሎቹ ታሪኮች ይበልጥ ያስቃሉ። በ1967 ጆስሊን ቤል በርኔል በየ1.33 ሰከንዱ የሚደጋገም ምልክት አገኘች፤ ለቀልድ "ትናንሽ አረንጓዴ ሰዎች" ብለው ሰየሙት። በፍጥነት የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ ሆኖ ተገኘ። አውስትራሊያ ያለው ፓርክስ ቴሌስኮፕ ደግሞ ለዓመታት እንግዳ ምልክት ይይዝ ነበር። በ2015 ምንጩ ተደረሰበት፦ ምግብ እስኪሞቅ መጠበቅ ያቃተው ሰው ሳይጠፋ በሩን የሚከፍተው የግቢው ማይክሮዌቭ ነው።

ናሳ እየደበቀን ቢሆንስ? በሰማይ የሚታዩት ዩፎዎችስ?

ናሳ ያቋቋመው ገለልተኛ ቡድን መስከረም 2023 ላይ ሪፖርት አውጥቷል። ምንነታቸው ያልታወቀ የሰማይ ክስተቶች ከምድር ውጪ የመጡ ናቸው የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። ዋናው ቅሬታው መረጃው ጥራት የሌለው መሆኑ ነው። የደበዘዘ ቪዲዮ ምንም አያስረዳም፤ "ምን እንደሆነ አልታወቀም" ከሚለው ወደ "ኤልየን ነው" መዝለል አይቻልም።

መደበቁን በተመለከተ፣ ኬ2-18ቢን አስታውሱ። ገና ያልበሰለ ፍንጭ እንኳን ለዓለም ተነግሮ በቀናት ውስጥ ተተችቷል። ተመራማሪዎች ለመናገር ይቸኩላሉ እንጂ አይደብቁም። ደግሞ ቻይናም፣ አውሮፓም፣ ሕንድም የራሳቸው መንኮራኩር አላቸው።

ሕይወት ቢገኝ ከሃይማኖት ጋር አይጋጭም?

ይህን ቴሌስኮፕ አይመልሰውም፤ የሃይማኖት አባቶች ጥያቄ ነው። በ2008 የቫቲካን የሥነ ፈለክ ተቋም ዳይሬክተር የነበሩት አባ ሆሴ ጋብሪኤል ፉነስ በሌላ ዓለም ፍጡር ይኖራል ብሎ ማሰብ ከእምነት ጋር አይጣረስም ብለው ነበር። ሌሎች ሌላ ይላሉ።

"ተረጋግጧል" የሚባለው መቼ ነው? ማን ይወስናል?

የሚወስን አንድ አካል የለም። በ2021 የናሳው ጂም ግሪንና ባልደረቦቹ ሰባት ደረጃ ያለው መለኪያ አቅርበዋል። የመጀመሪያው ደረጃ ምልክቱን ማየት ነው። ቀጥሎ ብክለት አለመሆኑን ማረጋገጥ፤ ከዚያ ሕይወት የሌለባቸውን ማብራሪያዎች አንድ በአንድ መጣል፤ ከዚያ በሌላ ዓይነት መሣሪያ ደግሞ ማየት እያለ ይሄዳል። እስካሁን ጫፉ አጠገብ የደረሰ የለም።

አስቸጋሪው ሕይወት የሌለባቸውን ማብራሪያዎች መጣሉ ነው። የምናውቃቸውን እንጥላለን። ያላሰብናቸውንስ? ኦክስጅን ለረጅም ጊዜ ሁነኛ የሕይወት ምልክት ነው ተብሎ ነበር። ኋላ የኮከብ ጨረር የውኃ ተንን ሰብሮ፣ ሃይድሮጅኑ ሲያመልጥ ኦክስጅን ብቻውን ሊከማች እንደሚችል ታወቀ። ስለዚህ ዛሬ የሚፈለገው ብቻውን የቆመ ጋዝ ሳይሆን ኦክስጅንና ሚቴን አብረው ነው፤ ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ አንድ ነገር ያለማቋረጥ ካላመነጫቸው አብረው አይቆዩም።

ኅዋው ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሕይወት ባይኖር አይገርምም?

ብዙ ሰው የሚያሸንፍበት የሚመስለው ክርክር ይህ ነው። የተረጋገጡት ፕላኔቶች ብቻ ከ6,000 አልፈዋል፤ በጋላክሲያችን ያሉት ደግሞ በመቶ ቢሊዮኖች ይገመታሉ። ችግሩ ይህ የክርክሩ ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው። ሌላው ግማሽ በአንድ ተስማሚ ፕላኔት ላይ ሕይወት የመጀመሩ ዕድል ነው። እሱ ከአሥር አንድ ከሆነ ጋላክሲው በሕይወት የተሞላ ነው። ከቢሊዮን ቢሊዮን አንድ ከሆነ ግን እዚህ ጋላክሲ ውስጥ ብቻችንን ልንሆን እንችላለን። ይህን ቁጥር ማንም አያውቅም። ፍራንክ ድሬክ በጋላክሲያችን ስንት ሥልጣኔ እንዳለ ለመገመት በ1961 የጻፈው ዝነኛ ቀመርም የሚሰናከለው እዚህ ነው።

"ምድር ላይ ቶሎ ጀምሯልና ቀላል መሆን አለበት" የሚል መልስ ይሰጣል። ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ግን ምሳሌያችን አንድ ነው። ደግሞ ሕይወት ባይጀምር ኖሮ ይህን የምንጠይቅ እኛ አንኖርም ነበር። ስለዚህ ያለንበት ፕላኔት በዕጣ የተመረጠ ናሙና አይደለም። ማርስ ወይም ኢንሴላደስ ላይ ከእኛ ጋር ዝምድና የሌለው አንድ ሌላ ሕይወት ቢገኝ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እዚህ ላይም ዝምድናው መጣራት አለበት፤ የማርስ ድንጋይ ወደ ምድር እንደሚመጣ አይተናል፤ ተህዋስያን ይዞ ተጉዞ ሊሆን ይችላል።

ተፈልጎ ተፈልጎ ምንም ካልተገኘስ? ያ "የለም" ማለት ይሆናል?

የሚወሰነው ምን ያህል እንደተፈለገ ነው። በሬዲዮ ፍለጋው ገና ብዙም አልተሄደም። በዚህ ፍለጋ የታወቀችው ተመራማሪ ጂል ታርተር እስካሁን የተፈለገውን ከውቅያኖስ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድቶ ዓሣ እንደመፈለግ ነው ትል ነበር። ብርጭቆው ባዶ ቢሆን ስለ ውቅያኖሱ ብዙ አይናገርም።

ከፕላኔቶች አየር አንጻር ግን ባዶ ውጤትም ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። በ2025 የዙሪክ ተመራማሪዎች አስልተውት ነበር። ከ40 እስከ 80 ፕላኔቶች ተመርምረው በአንዱም ላይ ሕይወት ካልታየ፣ እነሱን ከመሰሉት መካከል ሕይወት ያላቸው ከ10 እስከ 20 በመቶ እንደማይበልጡ መናገር ይቻላል። ለአንድ ጋላክሲ ግን 10 በመቶም ቢሆን ስፍር ቁጥር የሌለው ፕላኔት ነው። ስሌቱም የሚሠራው እያንዳንዱ ምርመራ አስተማማኝ ከሆነ ብቻ ነው፤ ሕይወቱ ኖሮ ምልክቱ ካመለጠን፣ ወይም ከመጀመሪያውም የተሳሳተ ጋዝ ፈልገን ከሆነ፣ "የለም" ያልነው ፕላኔት ከቁጥሩ ይወጣል። ያን ዓይነት ምርመራ በብዛት ሊያደርግ የሚችለው የናሳ ቴሌስኮፕ ደግሞ ገና በዕቅድ ላይ ነው፤ ቢሳካ የሚመጥቀው በ2040ዎቹ ነው።